ለተቃጠለ ቅጽ የለንም

እስቲ ክንዷን እዩት። ቀኙን፤ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል። እንደ መሰላል የተደረደሩ ጠባሳዎች አሉ፤ አንዳንዱ ነጥቷል፣ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው። ማንም አልደበደባትም። ካውያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። እናንተ ኮሌታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ስብሰባ ላይ ስለ ሕዝብ ስታወሩ፣ ኮሌታው በማን ክንድ እንደቀና ጠይቃችሁ አታውቁም። እኔ ልንገራችሁ።

በሥራ ቦታም በሰፈርም በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ካውያ» ነው የሚላት። እሷም አትቀየምም። «ይበሉኝ፤ ካውያ ቢያንስ የተጣመመ ያቃናል» ብላ ትስቃለች። የምትሠራው በአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳው መስኮት የለውም። ክረምት ከበጋ እንፋሎት ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሰውም ያልበዋል።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ የአምስት ዓመት። እንደ ሰው መራመድ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እየዘለለች ስለምትሄድ «ፌንጣ» ይሏታል። አባቷ «ሥራ ፈልጌ እመለሳለሁ» ብሎ የወጣው ገና እሷ ሳትቀመጥ ነው። ሥራው እስካሁን አልተገኘም መሰለኝ።

ፌንጣ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የምትውለው እዚያው ጓዳ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነበር። አንድ ቀን የእንፋሎቱን ቱቦ ጎተተችና ፊቷ ለጥቂት ተረፈ። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደነገጠ። «እህቴ፣ ልጅቷ እዚህ አንድ ነገር ብትሆን የምታሰረው እኔ ነኝ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላያት» አላት። ሞግዚት የምትቀጥርበት የላትም፣ እናት የላትም፣ እህት የላትም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፌንጣ አንዲቷ ክፍል ቤታቸው ውስጥ ተቆልፎባት ትውላለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቆለፋል፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ምሳዋ በሳህን ተከድኖ ይቀመጥላታል፤ ፖፖዋ ጥግ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ! እናንተ አምስት ደቂቃ ሊፍት ውስጥ ብትቆለፉ ሕንፃውን ፍርድ ቤት ትገትሩታላችሁ።

እንዲህ እያለ፣ የሰፈሩ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት በነጻ ልጆች ሊቀበል ነው የሚል ወሬ መጣ። ምሳ ይሰጣል፣ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ያቆያል። የሚቀበለው አምስት ዓመት የሞላቸውን ብቻ ነው፣ ለአንድ ዓመት። ለፌንጣ ዕድሉ ዘንድሮ ብቻ ነው ማለት ነው። ካውያ ጎህ ሳይቀድ ሄዳ ተሰለፈች። የልጅቷን ልደት ወረቀት አሳየች፣ ስሟ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ ፎቶዋ ተነሣ፣ አንዲት ትንሽ ማሽንም እንደ ሱቅ ደረሰኝ ያለ ቁራጭ ወረቀት ተፋች፤ ስምና ቁጥር ያለበት። መቶ አሥራ ሰባት።

«ይቺን እንዳትጥያት» አለች መዝጋቢዋ። «ዕጣ ከወጣልሽ ያለ እሷ አይሆንም።»

አርባ ቦታ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ። ዕጣው ሰኞ ዕለት ወጣ፣ ቁጥሮቹ በሩ ላይ ተለጠፉ። ካውያ ከላይ ወደ ታች አነበበች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበች፣ በጣቷ ነካችው። መቶ አሥራ ሰባት አለ። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አሸናፊዎች እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ የምዝገባ ወረቀታቸውን ንጹሕና ያልተጨማደደ አድርገው እንዲያቀርቡ።»

ያን ማታ ለፌንጣ ነገረቻት። ልጅቷ አልጋው ላይ እየዘለለች «እኔ ልያዘው፣ እኔ ልያዘው» ብላ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ጨብጣው እንቅልፍ ወሰዳት። ከእጇ ማን ያውጣው? እናትየው አንጀቷ አልቻለም፤ ተወችው። ጠዋት ወረቀቱ ታኝኮ የተተፋ ማስቲካ መስሎ ተገኘ።

እንግዲህ ስሙኝ። እናንተ ብትሆኑ በመዳፋችሁ ዳበስ ዳበስ አድርጋችሁ ትወስዱት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተኮሰች ሴት ግን መጨማደድ ዐይኗን ይወጋታል፤ አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ጃኬት ጀርባው ላይ ተጨማዶ ብታይ እጇን ያሳክካታል። በምሳ ሰዓት ቁራጩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?» አለች አጣቢዋ፣ በዕድሜ የምትበልጣት የሥራ ባልደረባዋ። «ላም ያመነዠከችው እኮ ነው የሚመስለው!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ጋ መጥቶ ያልተቃና ምን አለ?»

«ባልሽ።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ካውያ ሥራዋን እንደምታውቀው ሠራች። ሙቀቱን ሐር የሚተኮስበት ላይ አወረደችው። ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክራ ጨምቃ ከላይ አለበሰችው። ካውያውን አልጎተተችም፤ እንዳይሸበሽብ አስቀምጣ፣ እስከ ሦስት ቆጥራ አነሣችው። ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅም።

ጨርቁን ስትገልጠው ወረቀቱ ቀጥ ብሏል። ደግሞም ጥቁር ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ድስት ቂጥ።

ስሙ የለም። ቁጥሩ የለም። ለካ ያቺ ማሽን በቀለም አትጽፍም፤ በሙቀት ነው የምትጽፈው። ወረቀቱም ሙቀት ሲያገኘው ሁለመናው ይጠቁራል። ካውያ የትኛውንም ጨርቅ በጨለማ ዳብሳ ሐር ነው፣ ሱፍ ነው፣ ናይሎን ነው ትላችኋለች። ስለ ወረቀት ግን ማን ነገራት? «ውድ ወላጆች፣ ከሙቀት አርቁት» ብሎ የጻፈ አለ? ንጹሕና ያልተጨማደደ አሉ፣ እሷም ታዘዘች።

አጣቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እጄ አመድ አፋሽ» አለች ካውያ።

ከሰዓት አስፈቅዳ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሮጠች። መዝጋቢዋ ጥቁሩን ወረቀት ገለባበጠችው። ወጣት ናት፤ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው።

«መቶ አሥራ ሰባት ነኝ፣ የኔ እናት። ኮምፒውተሩ ላይ እዪልኝ።»

መዝጋቢዋ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አለች» አለች። «ስሟም አለ፣ ዕድሜዋም አለ። ፎቶዋ ራሱ ይኸው፣ እየሳቀች።»

«ተመስገን! እንግዲያው ጻፊያት።»

«ወረቀቱ ከፋይሉ ጋር ካልተያያዘ አልችልም፣ እህቴ።»

«እያየሻት?»

«እያየኋት።» ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ማንም እንደሌለ አረጋገጠች። «አምና እዚህ ወንበር ላይ የነበረችው ቦታ ሸጣለች ተብላ ተባረረች። ዕጣ ያልወጣለት ልጅ ፋይል ሦስት ነው የተገኘባት። ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌባ እንዳይኖር። እኔም ልጅ አለኝ። ዋናው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ምትክ ካመጣሽልኝ በዚያው ደቂቃ እጽፋታለሁ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሌባን ለመያዝ የተዘረጋ ወጥመድ ሌባውን ሲይዝ አይቼ አላውቅም፤ የሚገባበት ምንጊዜም መንገደኛ ነው።

ረቡዕ ዋናው ጽሕፈት ቤት ደረሰች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ላይ። ኃላፊው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ምን አግኝቶት ነው?»

«ተኮስኩት።»

«ምን አልሽ?»

«በካውያ ነው፣ ጌታዬ። ተጨማዶ ነበር።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ፊቷን አየ፤ የምታሾፍበት መስሎት ነበር። አለማሾፏን ሲያውቅ ሳቀ። «ይኸውልሽ፤ ለጠፋ ቅጽ አለን። ለተቃጠለ ቅጽ የለንም።»

«እንግዲያው ጠፋ ይበሉልኝ።»

«እጄ ላይ ይዤው?»

ካውያ ወረቀቱን ከጣቱ መንጭቃ ወደ ጡቷ ወሸቀችው። «አሁንስ? ጠፋ አይደል?»

«ደፋር ነሽ» አለ፣ ገና እየሳቀ። «ግን አይቼዋለሁ። የሐሰት ቃል ልሞላ አልችልም። ማመልከቻ ጻፊ፤ ኮሚቴው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይመልስልሻል።»

«ምዝገባው ዓርብ ነው የሚዘጋው።»

«እሱን መዋዕለ ሕፃናቱን ጠይቂ።»

ይህ ሰው ከእሷ ጋር ሲነጋገር አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ቁጣ ብትፈልጉ ከእኔ ውሰዱ፤ እሱ ጨዋ ነው። ቅጹን ያወጡትም ጨዋ ናቸው። ጨዋ በጨዋ ላይ ተደራርቦ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ሲቀመጥባት ግን ክብደቱ ከዱርዬ አይተናነስም።

ማመልከቻውን አጻፈች፣ አስገባች። ዓርብ ሌላ መላ አጣችና ፌንጣን ይዛት ሄደች፤ ልጅቷን በዐይናቸው ቢያዩ ይራሩ ይሆናል ብላ። ንጹሕ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ሽብሽቡ አንድ በአንድ የተተኮሰ። ፌንጣ ግቢው ውስጥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ዘለለች፣ ካውያ በሩ አጠገብ ቆመች። መዝጋቢዋ ሁለት ጊዜ ወጥታ አየቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የተጠባባቂዎች ዝርዝር ይዛ ወጣች። «ወረቀት ያልቀረበበት አንድ ቦታ አለ» ብላ ሌላ ቁጥር ጠራች።

«አቤት!» ያለችው መንገድ ጠራጊ ናት፤ የሥራ ሰደርያዋን ሳታወልቅ፣ ወንድ ልጇን አዝላ መጥታለች። አለቀሰች፣ መሬቱን ሳመች። ካውያ አየቻት። የምትጠላው ሰው ብታገኝ ምንኛ ደስ ባላት! ይህችን እንዴት አድርጋ ትጥላት?

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ» አለቻት፤ ከልቧ።

ፌንጣ ሽንቴ መጣ አለች። ዘበኛው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ ጓሮ አመለከቷቸው። እዚያ ሁለት የተቆለፉ ክፍሎች አሉ። ፌንጣ የመስኮቱን ደፍ ይዛ ተንጠለጠለች፣ እናቷም በእሷ ጭንቅላት ላይ አሻግራ አየች። ትንንሽ ወንበሮች ናቸው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ጣሪያ ነክተዋል። ፕላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ወንበር ነዋ፣ ልጄ። ከመጣ ሦስት ዓመቱ። መምህር ይቀጠርለታል ሲሉ፣ ሲሉ...»

«ለስንት ልጅ ይበቃል?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ። ወንበሩን እጠብቃለሁ እንጂ አልቆጥረውም።»

«እማ» አለች ፌንጣ ከመስኮቱ ሳትወርድ፣ «የኔ የትኛው ነው?»

ካውያ ልጅቷን ብብቷ ሥር ይዛ አወረደቻት።

ሰኞ ጠዋት ምሳውን ከደነች፣ ፖፖውን ጥጉ ላይ አደረገች። ፌንጣ ያንን ቀሚስ ራሷ ለብሳ፣ ቁልፎቹን አዛንፋ ቆልፋ ጠበቀቻት።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ አይደለም።»

«ነገ ነው?»

«አልጋው ላይ አትዝለዪ፣ እሺ? ትወድቂያለሽ።» ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ሥራ ስለሚረፍድባት ሄደች፤ ዘጠና ሸሚዝ ይጠብቃታል። አጣቢዋም ቀኑን ሙሉ ቀልድ አላነሣችም።

ኮሚቴው እስካሁን አልመለሰም። ቢመልስም ቦታው ተይዟል።

አሁን አፋችሁ ላይ የመጣውን አውቃለሁ፦ «ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን የምትቆልፍ?» ዋጡት። ለእሷ ማዘንም ይቅርባችሁ፤ ሐዘናችሁ በር አይከፍትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። በሰፈራችሁ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት አለ። በዚህ ሳምንት፣ ሥራችሁን አስፈቅዳችሁ ሂዱ፤ ዞራችሁ የጓሮውን ክፍሎች በመስኮት ተመልከቱ። ተቆልፈው ካገኛችኋቸው ቢሮ ግቡና እነዚህ ክፍሎች መቼ እንደሚከፈቱ ጠይቁ፤ ቀኑን በጽሑፍ ሳይሰጧችሁ እንዳትወጡ።