የእማ ውሎ

እናታችን የአምባሰል ልጅ ነበረች። ለአባታችን ተድራ ሐይቅ ከተማ ከወረደች በኋላ፣ እሱ ከሞተም ወዲህ፣ ከዚህ ወጥታ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ የአሱር ሰላቷን ሰግዳ በር ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ፊቷን ወደ አምባሰል ተራራ አዙራ ቃል የሌለው ዜማ ታንጎራጉራለች። «ዛሬ አምባሰል ደመና የለበትም» ትላለች፤ ወይም «ዛሬ ተሸፋፍኗል፣ ሊዘንብ ነው።» የጠየቃት የለም። በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ አይደለም ወይ፣ ለምን ሄደሽ አታይውም ስንላት፣ «ሄጄ ናፍቆቴን ልጨርሰው ነው?» ትለን ነበር። እኔ በዚህ አነጋገሯ እናደድ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተረፈ ጨርቅ ቆርጬ እጥላለሁ እንጂ አላስቀምጥም፣ ናፍቆትም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ለውጥ መጣ ተብሎ ባጃጁ ሁሉ ሙዚቃ ከፍቶ በሚዞርበት ሰሞን ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሄደች። ያኔ ሰው ሁሉ ነገ ጥሩ ይሆናል ይል ነበር፤ እሷ ግን ነገን ቁጭ ብላ የምትጠብቅ አልነበረችም። ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። የምትደውለው በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ ከአሱር በኋላ ነው። ስልኩ የእኔ ስለሆነ የማነሳውም እኔ ነኝ።

«እታለም፣ አፊያ ነሽ?» ትላለች። መልሴን ሳትሰማ «እማን ስጭኝ!»

እሰጣታለሁ። እማም የሳምንቱን ውሎዋን ትዘረግፍላታለች፦ ከዓሣ ሻጭ ጋር የተጣላችውን፣ ፍየል ስታባርር የወደቀችውን፣ ሁሉንም። እህቴ ከዚያ ማዶ ትስቃለች፤ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ አዳምጣለሁ። ቅናት አልነበረብኝም ብል ውሸት ነው። ከሦስት ዓመት በላይ እንዲህ ሄደ፤ እህቴ አንድም ቀን እኔን ምን ዋልሽ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም ኩሩና ቁጡ ስለሆንኩ ለምን አትጠይቂኝም ብዬ ልለምናት አልወደድኩም።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ መብራቱም፣ ስልኩም፣ መድኃኒቱም አንድ ላይ ጠፋ። እማ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በመርፌ የምትወስደው መድኃኒት እንዳይበላሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እንስራ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማቀዝቀዝ ቻልኩ፣ ማብዛት ግን አልቻልኩም። እያሳነስን እያሳነስን ሰጠናትና አለቀ። እሷ ስለ ሕመሟ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጭንቀቷ ሌላ ነበር፤ «ልጄ ስትደውል ስልኩ እምቢ ሲላት ምን ትል ይሆን?» ትላለች። ጦሩ ከከተማው ሳይወጣ አንድ ማለዳ አረፈች። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ፣ በአንድ እድር ነው የሚቀባበረው፤ ከሰፈሩ ያልሸሹት ጥቂት የቅሬ ሰዎች ተሸክመው ቀበሯት።

ስልክ በተመለሰ ዕለት መጀመሪያ የደወለችው እህቴ ናት። የቅሬው ሽማግሌዎች ግን ቀድመው መክረው ነበር፦ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሰው ወጥ እያማሰለች ብትሰማ ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? ስትመጣ፣ ዘመድ ከቧት፣ በማለዳ ትስማ አሉ። እዚያ ላሉት የሀገር ልጆችም አፋቸውን እንዲይዙ ተላከባቸው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተስማማሁ።

«እማ አፊያ ናት?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ስጭኛ!»

«ከተኩሱ ወዲህ ጆሮዋ ደክሟል፤ በስልክ አትሰማም። እኔ ልንገርልሽ።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «እሽ፣ ናፍቀሽኛል በይልኝ» አለች እያለቀሰች። ጆሮዋ ደክሟል ካልኩ መጮህ ሊኖርብኝ ነው። ባዶ ቤት መሃል ቆሜ «እማ! ናፍቀሽኛል ትልሻለች!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ሲዘጋ ጎረቤታችን የሆኑት ክርስቲያን እናት፣ እማማ የምላቸው፣ በአጥሩ በኩል መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየአርቡ ስጮህ ኖርኩ። ስጀምር የእህቴን መልእክት ማድረሴ ነበር፤ እያደር ግን ናፍቀሽኛል የምለው የእሷን ይሁን የራሴን መለየት አቃተኝ። አንድ አርብ ጩኸቴን ስጨርስ ከአጥሩ ወዲያ «አሜን! አሜን ልጄ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ናቸው። እህቴ «እማ ናት! ሰማኋት!» ብላ በደስታ አነባች። ስልኩን ዘግቼ አጥሩ ድረስ ሄጄ ተቆጣኋቸው። «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ። «አንዲት አሜን ብትሰማ ምናለበት?»

የሚከብደው ሰላምታው አልነበረም። «ዛሬ እማ ምን ዋለች?» የሚለው ነው። መጀመሪያ ከራሴ ፈጠርኩ። «ገንፎ አሠርታኝ ጥርግ አድርጋ በላች» አልኳት።

«እማ? ገንፎ?»

እማ ገንፎ በዓይኗም ማየት አትወድም ነበር። ሰው ሲያረጅ አመሉ ይለወጣል ብዬ አመለጥኩ። ያን ዕለት ውሸት እንደማልችልበት ገባኝ። የሚሻለው እውነተኛ ነገር ፈልጎ ለእማ በልኳ መስፋት ነበር፤ እሱ ሙያዬ ነው።

ስለዚህ ለአርብ የሚሆን ወሬ ፍለጋ ከመኪናዬ ላይ መነሳት ጀመርኩ። እማ እንደምታደርገው ወደ ሐይቁ ዳር እወርድና የዓሣውን ዓይን አይቼ «ይኸ ትናንት የሞተ ነው፤ ለማን ልትሸጠው ነው?» እላለሁ። ሻጩ አንድ ቀን «ቁርጥ እናትሽን» ብሎ ሳቀብኝ፤ ዓሣውን እዚያው ትቼ ልመለስ ነበር። ዶሮዬ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ውስጥ ገብታ እንቁላል ጣለች፤ ሸሚዝ ፍለጋ እጄን ስሰድ ትኩስ እንቁላል ጨበጥኩ። አርብ ዕለት የጨበጠችው እማ ሆነች። እህቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጓሮ ያለችው ሎሚ እማ ከተከለቻት ጀምሮ አፍርታ አታውቅም። እማ በየዓመቱ በከዘራ እየነካካች «ዘንድሮ ካላፈራሽ አስቆርጥሻለሁ» ትላት ነበር። እሷ በሞተች በዓመቱ አፈራች። ሥሯ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ዛፏን ተሳደብኩ፣ ትንሽ ብትቸኩይ ምን ነበረበት ብዬ። አርብ «እማ ሎሚዋ አፈራችላት» ስል እህቴ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ የእውነት ደስታ ነበር፣ አፈርኩበትም። እህል የተወደደበት፣ በየቤቱ ሰው የጎደለበት ዓመት ነው። እኔ ግን በሳምንት አራት አምስት ጥሩ ነገር አላጣም ነበር። ድሮም እዚያው ነበሩ። ዕድሜዬን ሐይቅ ዳር ኖሬ ሐይቁን አይቼ የማውቀው ከእናቴ ሞት በኋላ ነው፤ ከእሷ ጋር ወርጄ ባየው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እህቴ ወዳለችበት አገር የምትመለስ የሰፈር ልጅ ባገኘሁ ጊዜ አራት ሎሚ ላክሁ። «እማ በእጇ ቀጥፋልሽ ነው» አልኳት። ከሁሉ የከበደኝ ውሸት ያ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሰላም ሆነ ከተባለ በኋላ እህቴ የሁለት ወር ፈቃድ አግኝታ መጣች። እማ ሐይቅ ትጠብቅሻለች ብለን ደሴ አክስታችን ቤት አሳደርናት። በማለዳ ሽማግሌዎቹና እማማ ገቡ። እህቴ ያን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በሩ ላይ ስታይ ገባት። መጀመሪያ ያየችው ሽማግሌዎቹን አይደለም፣ እኔን ነው። ያን አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም።

አራት ቀን አላናገረችኝም። ሐይቅ መጥታ፣ መቃብሩ ዘንድ ዱዓ አድርጋ፣ የለቅሶውን ሰው ተቀብላ ሸኘች፤ ለእኔ ግን ውሃ አምጭ እንኳ አላለችኝም። በአምስተኛው ቀን ከሻንጣዋ አንዲት የደረቀች ሎሚ አውጥታ መኪናዬ ላይ አስቀመጠች። ሎሚዋ ጠቁራ እንደ ጠጠር ጠንክራለች።

«ይችን ማን ቀጠፋት?»

«እኔ።»

«ዓሣ ሻጩን ማን ተጣላው?»

«እኔ።»

«እንቁላሉስ?»

«እኔ ነኝ የጨበጥኩት።»

«ገንፎውስ?»

«እሱ ውሸት ነው። እሱ ብቻ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋን ሳትጨርሰው ለቅሶ ሆነ። «ታዲያ ምነው እኔ ነኝ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ!» አልኳት። በቁጣ ነው የወጣኝ፣ እንደ ልማዴ። ሎሚዋን አንስታ ወደ ሻንጣዋ መለሰቻት።

ሁለት ወሯ አልቆ ተመልሳ ሄደች። የመጀመሪያው አርብ ከአሱር በኋላ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅሁ። መስፋት አቃተኝ። እስከዚያ ቀን የምታገናኘን እማ ነበረች፤ አሁን ለማን ብላ ትደውላለች? ለእኔ ብቻ ብላ ደውላ አታውቅም። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ እህቴንም እንዳላጣት ፈራሁ።

ስልኩ ጮኸ።

«እታለም፣ አፊያ ነሽ?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። እማን ስጭኝ የምትልበት ቦታ ነበር፤ ሁለታችንም አወቅነው።

«አንችስ?» አለች። «አንች ዛሬ ምን ዋልሽ?»

ያን ሁሉ አርብ የእማን ውሎ ስደረድር ቃል አጥሮኝ አያውቅም። አሁን ግን አንድም አልመጣልኝ አለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ የእማ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጮህ አላስፈለገኝም።

«ዛሬ» አልኳት፣ «አምባሰል ደመና የለበትም። እኔ ነኝ ያየሁት።»