እጅ ሲቆጠር ደጅ የሚወጡት ሰው

ትናንት ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ዘንድሮ ካርቱም ውስጥ ዱቄት ጠፍቷል፣ ቤንዚን ጠፍቷል፣ ጨዋታ ራሱ ጠፍቷል። ሰው ዳቦ ቤት በር ላይ በጨለማ ይሰለፍና ፀሐይ አናቱ ላይ ስትወጣ ትንሽ ነገር በፌስታል ይዞ ይመለሳል። ልጄ ሰናይት ጉልበቴ እንደሚያመኝ ስለምታውቅ ልተካህ ብላ መጣች። እምቢ አልኳት። የጀመርኩትን ሰልፍ ለሰው አልሰጥም። እሷም እንግዲያው አብሬህ እቆማለሁ ብላ ስልኳን አወጣች።

እዚህ ያለነው የአበሾች ማኅበር ምርጫ ደርሷል። ከሰፈራችን ከሐጅ ዩሱፍ ለማኅበሩ ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰውዬ ከዚህ በፊትም እዚያው የተቀመጠ ነው። ወጣቶቹ በየጉዳዩ ምን ድምፅ እንደሰጠ አጣርተው ስልክ ላይ ለጥፈውታል፤ ሰናይት ታነብልኝ ጀመር። ትምህርት ቤቱ ይታደስ ሲባል ደግፏል። መዋጮ ይጨመር ሲባል ተቃውሟል። የታመመ ይረዳ ሲባል ደግፏል። ሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሲባረሩ የሚያርፉበት ቤት እንከራይ ሲባል፣ "ጋይብ" አለች። አልነበረም ማለቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ መሃል ዓረብኛ ጣል ማድረግ ልማዷ ነው።

"ያባ፣ ሰውየው ኩወይስ ነው" አለችኝ፣ ደህና ሰው ነው ለማለት። "ጋይቡን ተወው። እሱ ምንም ማለት አይደለም።"

ምንም ማለት አይደለም ያለችው ነገር ግን ከዚያ ሰልፍ ላይ አንስቶ ወደ ጉርምስናዬ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ እኔና እህቴ ዘነበች አገር ቤት የነበረውን እሳት ሸሽተን በገዳሪፍ በኩል ካርቱም ከገባን ብዙም አልቆየንም። እኔ ዓባይ ዳር ጡብ የሚቃጠልበት ቦታ ተቀጠርኩ። ወንዙ ጥሎት የሚሄደው ደለል ከፍግ ጋር ይቦካል፣ በእንጨት ቅርጽ ይመታል፣ ሲደርቅ እንደ ቤት ይከመርና ከሥሩ እሳት ይለቀቅበታል። ጢሱ ዓይን ያጠፋል። አብሮኝ የሚሠራ ብርሃኑ የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ደለሉን በእጁ እያገላበጠ፣ "ይሄ አፈር ከኛው አገር ያለ ወረቀት ገብቶ እዚህ ግድግዳ ሆነ፤ ማንም መታወቂያ አልጠየቀው" ይል ነበር።

ዘነበች አንድ ሀብታም ቤት ገባች። ዓርብ ዓርብ ስታስፈቅድ ኪስራ በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣልኛለች። ኪስራ የማሽላ ቂጣ ነው፣ ስስ። እንጀራ ነው ብለው ሲበሉት ያሳዝናል፣ ለራሱ ሲበሉት ግን ይጣፍጣል። ፉል ላይ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰን ጡብ ክምሩ ሥር ቁጭ ብለን እንበላለን። ስለ እናታችን አናነሳም። እሷን ካነሳን ምግቡ አይወርድልንም።

አንድ ዓርብ ሳትመጣ ቀረች። ከሻ ወስዷታል። ከሻ የሚሉት ፖሊስ በድንገት መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሌለውን ሁሉ በመኪና ሲያፍስ ነው። የዘነበች መታወቂያ ገና አልወጣላትም ነበር። ጣቢያ ሄጄ ለመንኩ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማኅበራችሁ ዋስ ይሁናትና በማኅተሙ ይጻፍልኝ፣ ያለዚያ ሎሪው ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ወደ ድንበር ትሄዳለች አለኝ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ያ የሸሸነው እሳት አለ።

ማኅበር ያኔም ነበረን። የየሰፈሩ ሰው አንዳንድ ተወካይ ይመርጣል፣ ተወካዮቹ ሳጃና ሰፈር ውስጥ በተከራየነው ቤት ይሰበሰባሉ። ምክር ቤት እንለዋለን፣ ግማሹ በኩራት ግማሹ በቀልድ። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ እኩል ለእኩል ከሆነ ሰብሳቢው ያሉት ይጸናል። ሰብሳቢው አቶ ይርጋ የሚባሉ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። የቤት ሠራተኞቹ ነገር ሲነሳ፣ እነሱ አባል አይደሉም፣ ዋስ ሆነን አንዷ ብትጠፋ ፖሊስ ማኅበሩን ይዘጋብናል ይላሉ። ሐሰትም አልነበረም። ከተወካዮቹ ግማሹ ከሳቸው ጋር ነው፣ ግማሹ አይደለም። ነገሩን ወዲህ ወይ ወዲያ የሚጥለው የኛ የሐጅ ዩሱፍ ሰው ነው፣ ጋሽ መኮንን።

ጋሽ መኮንን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት ከፊት የሚቆሙ፣ ድምፃቸው ከስፌት መኪናቸው የማይበልጥ ሰው። የተመረጡበት ጊዜ በዚያው ሳምንት አልቆ ስለነበር ምክር ቤቱ ሳይሰበሰብ በፊት የሰፈራችን ሰው ወይ እሳቸውን መልሶ መላክ ወይ ሌላ መምረጥ ነበረበት። ስለዚህ የዘነበች ነገር ሰውየውን ከማወቅ ላይ ወደቀ። ጋሽ መኮንን ምን ዓይነት ሰው ናቸው? እጃቸውን ለማን ነው የሚያወጡት?

ወንዙ መሙላት ስለጀመረ ጡብ ሥራው ቆሟል። ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ሰውየውን መመርመር ያዝን። ታደሰ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የመጣ ልጅ ነበር፤ ስብሰባውን ሁሌ በመስኮት ቆሞ ስለሚከታተል ያስታውሳል። መቃብር ቦታ ይገዛ ሲባል ጋሽ መኮንን እጃቸውን አውጥተዋል። ልጆች አማርኛ ይማሩ ሲባል ተቃውመዋል፤ መጀመሪያ የሚበሉበትን ዓረብኛ ይማሩ ብለው። ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣ ሲባል ደግፈዋል። ከካምፕ አዲስ የሚመጡት ሳይከፍሉ አባል ይሁኑ ሲባል ተነስተው ደጅ ወጡ። የማኅበሩ ግቢ ግማሹ ለነጋዴ ይከራይ ሲባልም ወጡ።

ታደሰ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ የተገዙ ሰው ናቸው አለ። እኔ የተገዛ ሰው ቁጭ ብሎ እጁን ያወጣል እንጂ ለምን ደጅ ይወጣል ብዬ ተከራከርኩት። ብርሃኑ ጣልቃ ገባና፣ "እናንተ ፖለቲካ ታደርጉታላችሁ፤ ሰውየው ሽንት ነው የሚያጣድፋቸው" ብሎ አሳቀን። ዘነበች ከተያዘች ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ያው እዚያው ነበርን።

እኔ በወሬ የሚፈታ ነገር አይሆንልኝም። ቀኑ ሳይመሽ ቤታቸው ሄድኩ። ጀላቢያ እየሰፉ ነበር። ለምን እንደሚወጡ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። መኪናውን አቆሙ።

"አቶ ይርጋ አበልጄ ናቸው" አሉኝ። "ልጄን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ አበልጄ ፊት ተቀምጬ እጄን ላውጣባቸው? አላደርገውም። ሆዴ እምቢ እያለ ደግሞ ከሳቸው ጋር አላወጣም። እወጣለሁ። ለሚያስተውል ሰው መውጣቴ መልስ ነው።"

"መልሱ ለማን ነው?" አልኳቸው። "እርስዎ ሲወጡ እኩል ይሆናል። እኩል ሲሆን አቶ ይርጋ ያሉት ይሆናል።"

"እሱን እግዜር ያያል" አሉና መልሰው መኪናውን ረገጡ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ታደሰ ትምህርት፣ መቃብር፣ ግቢ እያለ ጉዳይ ሲቆጥር ሰውየው የሚያዩት ጉዳዩን ብቻ አልነበረም፣ ፊት ለፊት ማን እንደተቀመጠም ነው። አቶ ይርጋ ዝም ባሉበት ነገር እጃቸው እንደ ልቡ ይወጣል። አቶ ይርጋ የያዙት ነገር ሆዳቸው ካልተቀበለው ውጪ ናቸው። አበልጅን የሚያህል ነገር ቀላል አይደለም፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ የሥጋ ዘመድ እንኳ እንደዚያ አይከበርም። እንግዲህ በሆዳቸው ከኛ ጋር ነበሩ። ባዶ ወንበራቸው ግን ከአቶ ይርጋ ጋር ነበር። የሰው ሆዱ ነው ወይስ ወንበሩ ነው የሚቆጠረው? ይህን ስጠይቅ አርጅቻለሁ።

ለነታደሰ ነገርኳቸው። ተናደዱ። ለአበልጅ ተብሎ ሰው ይጣላል ወይ አሉ። በማግስቱ ታደሰን ልንመርጥ ተማማልን።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ መኮንን እንደ ወጉ ፊት ለፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው እግር እግራቸውን ያያሉ። ታደሰን የሚመርጥ እጁን ያውጣ ተባለ። ብርሃኑ ሻዩ ላይ ስኳር ሊያስጨምር ተነሳ። ሌላው ጫማው ጠፍቶበት ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። ታደሰ ራሱ ብድግ ብሎ፣ "ጋሼ እያሉማ እኔ ምን ቆርጦኝ" አለና ተቀመጠ። ጡቡ ሥር ሰውየው አበልጃቸውን አፈሩ ብለው ሲፈርዱባቸው የዋሉት ሁሉ አሁን እነሱም ደጅ ወጡ፤ ግማሹ በእግሩ፣ ግማሹ በዓይኑ። የቀረው የኔ እጅ ብቻ ነው። እኔ ያወጣሁትን ማውረድ አልወድም። ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ አቆምኩት። ቆጣሪው አይቶ እንዳላየ ሊያልፈኝ ሲል ጋሽ መኮንን ቀና አሉ።

"የልጁን እጅ ቁጠሩት" አሉ።

ተቆጠረ። እሳቸው ተመረጡ።

ዓርብ ተወካዮቹ ሳጃና ተሰበሰቡ። ጠዋት አቧራ የያዘ ነፋስ አልፎ ስለነበር ግቢው ሁሉ ቀይ ሆኗል፣ ጥርሳችን ላይ አሸዋ ይንቋቋል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ዚር ተቀምጧል፣ መንገደኛ የሚጠጣበት ትልቅ የውሃ ጋን። ውስጥ አቶ ይርጋ ስጋታቸውን ተናገሩ። ሌሎች መለሱላቸው። ማኅበሩ ለታሰሩት ሴቶች ዋስ ይሁን የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ጋሽ መኮንን ተነሱ፣ ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ ወደ በሩ መጡ።

"ጋሽ መኮንን፣ ዘነበች ናት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ።

አለፉኝ። ዚሩ ጋ ሄደው በጣሳ ቀዱና ቀስ ብለው ጠጡ። ደግመው ቀዱ። ውስጥ እጅ ተቆጠረ፣ እኩል ሆነ፣ አቶ ይርጋ እንዳሉት ሆነ።

በማግስቱ ለዘነበች ልብስ ይዤ ጣቢያ ስሄድ ጋሽ መኮንንን በር ላይ አገኘኋቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አላሰብኩትም።

"እኔ ራሴ ዋስ ልሁናት አልኳቸው" አሉኝ፣ ግራ ተጋብተው። "የማኅበሩን ማኅተም አምጣ አሉኝ።"

"ማኅተሙንማ ትናንት ዚሩ ጋ ጠጡት" አልኳቸው።

ከዚያ በር አልሄዱም። ሎሪው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሴቶቹን ጭኖ ሲወጣ እኔ በአንድ ወገን እሳቸው በሌላው ቆመን አየነው። ዘነበች ሸራው ሥር ስለነበረች ፊቷ አልታየኝም።

ብዙ ዘመን ወሬዋን አጣሁ። በኋላ አንድ ሾፌር ጎንደር እንዳለች፣ አግብታ እንደወለደች ነገረኝ። አሁን በስልክ እንገናኛለን፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። አንድ ቀን ያን ድምፅ፣ ያን ዚር፣ ሁሉንም አወራኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እኔ የማውቀው እሳቸው ሲመጡልኝ ነው" አለች። "ገና ሳይነጋ መጥተው በፍርግርጉ ሐብሐብ ሰጡኝ። መንገዱ ረጅም ነው ብለው ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ለእግሬ ሰፊ ነበር፣ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ጎንደር የገባሁት በሱ ነው። ነፍሳቸውን ይማርልኝ።"

ጋሽ መኮንን የሞቱት እዚሁ ነው። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ልፈርድባቸው ስነሳ ጫማው ይመጣብኛል፤ ልተዋቸው ስል ዚሩ ይመጣብኛል። ደክሞኛል። እህቴ አንድ ሰውዬ ታውቃለች፣ እኔ ሌላ አውቃለሁ፣ ሁለቱም የተቀበሩት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰናይት ሰልፉ ላይ ነገርኳት። በመሃል አላቋረጠችኝም፣ ሳታቋርጥ መስማት ልማዷ አይደለም። ወደ ዳቦ ቤቱ መስኮት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ኸላስ፣ አለቀ አሉና ዘጉት። ሰው እያጉረመረመ ተበተነ።

"ጋይብ ያልሽውን መልሰሽ አንብቢልኝ" አልኳት። "የት እንደነበረ ይላል?"

አየችው። "አይልም ያባ። ጋይብ ብቻ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ምርጫው ቀን ሄጄ እጠይቀዋለሁ።"

"ሰው ፊት? ዓይብ ነው እኮ" አለችኝ። ነውር ነው ማለቷ ነው።

"ሰው ፊት" አልኳት።

ባዶ ፌስታሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ክንዷን ይዤ ወደ ቤት አዘገምን። የሰውየው መልስ ካልጣመኝ እጄን አወጣበታለሁ። ትከሻዬ ስለያዘኝ ክንዴ እንደ ድሮው ላይ ድረስ አይወጣም። እስከ ጆሮዬ ግን ይደርሳል። ለቆጣሪ ይበቃል።