የቀሚሷ እጥፋት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው ሁሉ «መርፌ» ይላታል፤ ስሙን ያወጣላት ቅጥነቷ ይሁን ዝምታዋ፣ ማንም ልብ ብሎ አያውቅም። ሥራዋን የሚያውቅ ግን ይህን ያውቃል፦ ለልጅ ስትሰፋ ጨርቅ አትሰስትም። ከታች ሰፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ታጥፍና ትዘመዝመዋለች። ልጅ ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታል፤ ልብሱም አብሮ ያድጋል።

ያን ዕለት ጠዋት የምታሳድጋትን ልጅ ሰማያዊ ቀሚስ ስታለብሳት፣ ጎረቤቷ ልብስ ተኳሹ ካውያውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ችሎት ነው ወይስ ሠርግ የምትሄዱት?»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ አንተ» አለችው። እንደ ወትሮው ፈገግ ግን አላለችም። ልጅቷን በጉዲፈቻ እንድታሳድግ ይፈቀድላት እንደሆነ የሚታወቀው ያን ቀን ነበር።

የልጅቷ እናት በዚያችው ጠባብ የስፌት ክፍል፣ ከመርፌ ጎን ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ባልንጀራዋ ነበረች። ሳል ጠንቶባት አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ፣ «ልጄን አደራ፤ እንዳትረሳኝ» ብላት ሞተች። መርፌም አደራውን አጥብቃ ያዘች፤ ምናልባትም ከልክ በላይ። አንድ ቀን ልጅቷ አፏን አምልጧት «እማዬ» ስትላት፣ «የኔ እናት፣ እማዬማ አንድ ናት። እኔን እትዬ በይኝ» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከቤቱ ጠፋ።

ችሎቱ ውስጥ ከሌላ ከተማ የመጣው የልጅቷ አጎት፣ የሟች አባቷ ወንድም፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እሱም እኔ ላሳድጋት ብሎ አመልክቷል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ልጅቷን በስስት ያያታል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እኚህ ሴት ምንሽ ናቸው?»

«እትዬ ናት።»

«እንደ እናትሽ ታይያቸዋለሽ?»

ልጅቷ የተማረችውን ላለማጥፋት እየተጠነቀቀች ወደ መርፌ ዞር አለች። «አይ። እናቴ አንድ ናት። እትዬ ራሷ እንደሱ አይባልም ብላኛለች።»

መርፌ ልታስተባብል ከወንበሯ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ እኮ አልዋሸችም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ የሥጋ ዘመድ እያለ፣ ልጅቷም ይህን እያለች፣ ፈቃዱን ለመርፌ መስጠት እንደማይችሉ ተናገሩ። ልጅቷ ከአጎቷ ጋር እንድትሄድ ወሰኑ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነበር፤ መርፌን ይበልጥ የጎዳትም ልስላሴው ነው።

ደጅ፣ ደረጃው ሥር ሲደርሱ ልጅቷ የመርፌን ቀሚስ ያዝ አደረገች።

«አጠፋሁ እንዴ፣ እትዬ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋሽ፣ የኔ እናት። እንዳስተማርኩሽ ነው የተናገርሽው።»

ከዚያም ተንበርክካ የሰማያዊውን ቀሚስ ጠርዝ ገለበጠች። አጎትየውን ጠራችው፤ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይኸውልህ ወንድሜ፣ ሲያጥራት አትጣለው። ይቺን ክር ከዚህ ጀምረህ ትስባታለህ። ቀስ ብለህ፤ ጨርቁን እንዳትቀደው።»

«እሺ፣ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንቺ መጥተሽ አትፈቺውም?» አለች ልጅቷ።

መርፌ ጠርዙን መልሳ አስተካከለች። ያልተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፏ ደጋግማ እየዳበሰች፣ «አጎትሽ ይፈታዋል፤ ሳሳየው አይቷል እኮ» አለቻት።