የከሱት ፊደሎች

የአክስቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ግድግዳ ላይ ፎቶ ሲሰቅል እንኳ ማስመሪያ ካልያዘ አይሆንለትም፤ መዶሻውን ይዛ የምትጠብቀው አክስቴ ክንዷ እስኪዝል ትቆማለች። ከማተሚያ ቤት ጡረታ ሲወጣ ሌላው የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል፤ እሱ አንድ መሳቢያ ሙሉ አሮጌ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል ለምኖ ተሸክሞ መጣ። ለስልክ እንዲሆኑ አድርጎ እንደገና ሊስላቸው ቆርጦ ተነሣ።

ምክንያቱ አክስቴ ናት። እዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ነበረችና ከእነዚያ ፊደሎች ጋር ነው ያረጀችው። አሁን ዓይኗ እየደከመ የስልኩን ጽሑፍ መለየት አቅቷታል። ልጃቸው ከሌላ ከተማ የምትልከውን መልእክት የሚያነብላት እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው። «ልጄ እንዲህ አታወራም» እያለች ይከፋታል።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ዓይኔ ሳይጨልም!» ስትለው መልሱ ያው ነው፦ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«አንተማ ሳታፈስም ስትለቅም ትኖራለህ!»

እያንዳንዱን እርሳስ በአጉሊ መነጽር እየለካ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ልክ በልክ እያስተካከለ ሣለ። ሲጨርስ ስልኳ ላይ ጫነላትና እጁን አጣምሮ ጠበቀ። አክስቴ ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች።

«የኛዎቹ ናቸው?»

«ራሳቸው! ፀጉር ታህል አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ ምን ነካቸው? ታመው ነው እንዴ እንዲህ የከሱት?»

ሰውየው አኮረፈ። አክስቴ ግን በዚያው እርሳስ የታተመውን የሠርጋቸውን መጥሪያ ካርድ ከሣጥን አውጥታ አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ጎን ለጎን ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። እርሳሱን ለክቶ ቀለሙን ረስቶታል! ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፤ የአክስቴ ዓይን የለመደው ያንን ወፈር ያለውን ነው። የማተሚያ ቤት ሰው ቀለም ይረሳል? የኛው ሚሊሜትር ረሳ።

አሁን ከካርዱ እያየ እንደገና ሣለ። ማስመሪያውን ጣለ አልልም፤ እሱስ ከእጁ አይለይም።

ጫነላት፤ በራሱም ስልክ ላይ ጫነ። አክስቴ ስልኩን አቀረበች። ቆይቶ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የልጇን መልእክት እያነበበች ነው። ባሏ እንደ ልማዱ ሊያነብላት ጎንበስ ሲል በክርኗ ገፋችው።

«ዞር በልልኝ፣ ከልጄ ጋር ነኝ።»

እኔ ዕቃ ወደማጥብበት ማድ ቤት መጥቶ ቆመ። ደስ ብሎታል፣ ሆድም ብሶታል፤ ከእንግዲህ ማን አንብብልኝ ይለዋል? ወዲያው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አክስቴ ናት፣ ከሳሎን። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ አንድም ቃል ጽፋለት አታውቅም። በሣላቸው ፊደሎች፣ ወፈር ብሎ፦ «ሻይ አምጣ»።

ሻዩን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እሱማ ሁለቱን ቃላት ደጋግሞ እያነበበ ያለቅሳል።