ኦዲል ያልፈረመችላት አውሮፕላን
ኦዲል ሎኤምባ ዕድሜዋን የጨረሰችው በወደብ ከተማዋ በፖይንት ኑዋር፣ ለበረራ ብቃት የምትፈርም መካኒክ ሆና ከአውሮፕላን ዝገት ጋር ስትዋጋ ነው። በዚያ ከተማ የባሕር ጨው የማይበላው ብረት የለም። ዓሣ የምታመላልሰው አሮጌ አውሮፕላንማ ባሰባት፤ ከዓሣው የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ወለሏ ሥር እየተጠራቀመ ኖሯል።

አንድ ቀን ኦዲል ወለሉን አስነሥታ አየች። ወለሉን የተሸከሙት ዘንጎች በጣቷ ስትነካቸው ነጭ ዱቄት ሆነው ረገፉ።

«ይህቺ አትበርም፤ እኔ አልፈርምም» አለች።

እንደ ታላቅ እኅት «ያያ» እያለ የሚጠራት ዳይሬክተሩ ታቲ ሳቀ። «ያያ ኦዲል፣ ደግሞ አሉሚኒየም መቼ ዝጎ ያውቃል? ቀለም እንቀባትና እንገላገል!»

«ሬሳ ስለተኳለ ይነሣል እንዴ?» አለችው።

አውሮፕላኗ ቆመች። ኦዲልንም ከሥራ ገለል አድርገው «እማማ ዝገት» እያሉ ሲያላግጡባት ጡረታዋ ደረሰ።

በስንብቷ ዕለት የዘንባባ ጠጅ በብርጭቆ አስጨብጠው ወደ ጋራዡ ወሰዷት። ያቺው አውሮፕላን አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ቆማለች፤ አፍንጫዋ ላይ በትልልቅ ፊደል «ኦዲል ሎኤምባ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም አጨበጨበ።

«ማን ፈረመላት?» አለች ኦዲል።

«ፊርማ ምን ያደርጋል፣ ያያ?» አለ ታቲ፣ ትከሻዋን አቅፎ። «አብራሪዎቹ ‹ኦዲል ካላመነችባት አንነዳም› ብለው አስቸግረውን ነበር። አዲስ የመጡት ግን ስምሽን ሲያዩ ልባቸው ሞላ። ነገ ትነሣለች።»

ኦዲል ጠጁን ስሟ ላይ ደፋችው። ቀለሙ ግን ፍንክች አላለም።