ሳይደርስ የታጨደው ገብስ

ባለቤቴ ከአምባ ጊዮርጊስ «ምን ትበላለህ?» ብላ በአይሱዙ ሹፌር እጅ ወረቀት ላከችልኝ። ኔትወርክ ከጠፋ ከርሟልና እኔም በወረቀት መለስኩላት። ኮቾሮ ነው የምበላው፤ አንዷን ብስኩት ለመስበር መድፍ ያስፈልጋል አልኳት። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት በንዴት ነው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ዘምተን ከአዲ አርቃይ በላይ ተራራው ላይ ነበርን። አዛዡ ምሽግ ቆፍሩ ያለን በአንድ ሽማግሌ የገብስ ማሳ ታችኛው ጫፍ ነው። ታችኛው ቢጫ ሆኖ ደርሷል፤ ላይኛው ገና እንደ ሰርዶ አረንጓዴ ነው። ሽማግሌው «ልጆቼ፣ እባካችሁ ምሽጉ የሚያልፍበትን እንኳ ልሰብስብ» ብለው ለመኑ። ጓዶቼ ሁሉ ገበሬ ናቸው፤ ክላሻቸውን ደርድረው ከሽማግሌው ማጭድ ተቀበሉ። ደቦ ያለ ጠላ አይሆንምና ሽማግሌው ወደ ቤት ሲሄዱ እኔ እንስራውን ልሸከም ተከተልኳቸው።

«ላዩን ብቻ አትንኩብኝ» አሉኝ በመንገድ። «እኔና የልጅ ልጆቼ ዓመቱን የምንገፋው በሱ ነው።»

«አያ፣ አንዲት ዘለላ የነካ ካለ ጆሮውን ነክሼ አመጣልዎታለሁ!»

ስንመለስ ማሳው ከታች እስከ ላይ ተላጭቷል። አንዱ ዘፈን አውጥቶ ሌላው ሲቀበል፣ ሁሉም አገሩ የገባ መስሎት አረንጓዴውን ከቢጫው እኩል አጋድሞታል። ጩኸቴ ጎንደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እናንተ የአንበጣ ዘመዶች! ዓይናችሁን ለማን አከራያችሁት?»

«ምነው ጋሼ» አለኝ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ «ሞቅ ያለ ደቦ መሃል ላይ ይቆማል እንዴ?»

ልጠልዘው ስል አዛዡ ሬዲዮውን ይዞ መጣ። «ቁፋሮው ቀርቷል። ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን፤ ተነሱ!»

«ቀርቷል? ገብሱንስ ማን መልሶ ይተክለው?»

«ትእዛዝ ነው» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

ሽማግሌው አልረገሙንም። አረንጓዴውን ነዶ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ለመንገድ ለተሰለፍነው ጠላውን በቅል እየቀዱ አደሉን። «ያጨደ እጅ በደረቁ አይሸኝም» አሉ።

ለሚስቴ የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይህን ጻፍኩላት፦ በማሳችን በኩል ወታደር ካለፈ ማጭዱን ሁሉ ደብቂ። ባልሽ ነኝ ቢልሽም እንዳትሰጪው።