የጋሽ ታደለ ስልሳ ሜትር

እሁድ ዕለት ሮዘተንቪል ሰፈር ቤቴ ቁርጥ ስንበላ የሆነውን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም...

ጋሽ ታደለ ማለት እዚህ ደቡብ አፍሪካ ጆበርግ ላለነው ሐበሻ አዳኞች ቀስት መሳብ ያስተማረን ሰውዬ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ቂም ላይ ስለሆንኩ እሱ እያልኩ ላውራ፣ አትቀየሙኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው፣ ሎክዳውኑ ላላ ብሎ አደን የተፈቀደ ሰሞን። እኔና እሱ አንድ ዙሪያውን የታጠረ ፋርም ውስጥ ውሃ ዳር ባለች መደበቂያ ጎጆ ተቀምጠናል። የአንድ ቀንዱ ጫፍ የተሰበረ ትልቅ አጋዘን መጣና ከሩቅ ቆመ። የርቀት መለኪያው ስልሳ ሜትር አሳየ።

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ ሩቅ ነው» አልኩት።

«ላንተ ነው ሩቅ የሆነው» አለና ፍላጻውን ለቀቀው።

ፍላጻው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት። አጋዘኑ እያነከሰ ጫካ ገባ። እስኪመሽ ደሙን ተከትለን ፈለግነው፣ አጣነው። ስንመለስ እኔ ባኪውን፣ ያቺን ፒክአፕ መኪናዬን፣ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ያንኮራፋል።

ዮቪል ሰፈር እሱ ቤት ደረስን። ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል። እኔ ባኪውን አቁሜ እስክገባ ወሬው አልቋል። «ከስልሳ ሜትር ለቀቀው። ተው ሩቅ ነው ብዬው ነበር እኮ፤ ልጅ ነው፣ አልሰማኝም» እያለ ይተርካል። ወጊው እኔ ሆኜ አረፍኩ ማለት ነው። ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ... እሱ ታላቅ ሰው፣ እኔ ትናንት ቀስት የያዝኩ።

ስም ወጣልኝ፣ «አቁስል»። አደን ስንሄድ ከኔ ጋር አንድ ጎጆ የሚገባ ሰው ጠፋ። ይሄን እንኳን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሚስቱን የእትዬ ብርቄን ዓይን ነው። ኮሮና ይዞኝ ብቻዬን ስማቅቅ በየቀኑ በሬ ላይ ሾርባ እያስቀመጠች ያተረፈችኝ ሴት ናት። «ካልገደልከው ለምን ታሰቃየዋለህ ልጄ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አላየችኝም። ቂም የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። አዎ፣ ቂመኛ ነኝ።

ዓመቱን ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ስለማመድ ከረምኩ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ፣ ሳልሟሟቅ፣ የመጀመሪያዋ ፍላጻ ዒላማ ብዬ የሰቀልኩት የወረቀት ሰሃን ውስጥ ካልገባች ያ ርቀት የኔ አይደለም። ከተሟሟቁ በኋላማ ማን ይስታል? አጋዘን ደግሞ ተሟሟቅ ብሎ አይጠብቅህም። ደጋግሜ ስሞክረው የኔ ርቀት ሃያ አምስት ሜትር ሆነች። ግቢውም እዚያው ላይ ያልቃል፣ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት አለ።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ያው ፋርም ሄድኩ። ያ ቀንዱ የተሰበረው መጣ... እያነከሰ። አምና የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። እጄ በላኝ፣ ግን ጠበቅኩት። ቆሞ ቆሞ ውሃ ሊጠጣ ቀረበ። በስመ አብ ብዬ ለቀቅኩ። ብዙም ሳይሄድ ወደቀ።

ስገፈው ቢላዬ ወርቹ ውስጥ ብረት ነካ። የአምናዋ የፍላጻ ጫፍ፣ ሥጋው ዙሪያዋን ጠንክሮ አቅፏታል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት ባለ ሦስት ምላጭ ናት። ከመካከላችን ባለ ሦስት ምላጭ የሚጠቀመው ጋሽ ታደለ ብቻ ነው። ላወጣት እጄን ሰደድኩና... ተውኩት። ሥጋውን መልሼ አለበስኳት። እንደዚያን ቀን እየዘፈንኩ መኪና ነድቼ አላውቅም።

እሁድ ሁሉንም ጠራኋቸው። የሐዋርያት ጾም ሊገባ ስለሆነ እምቢ ያለ የለም። ወርቹን ሰቀልኩና ቢላውን በሁለት እጄ ለጋሽ ታደለ አቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ታላቅ እያለ እኛ አንቆርጥም። ይጀምሩልን።»

ደስ አለው። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ፣ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገና ቢላውን ሰደደው። ቀጭ ብሎ ቆመ።

ብረቷ ወጣች። ሁሉም ምላጭ ይቆጥራል ብዬ ነበር። ማን ይቆጥራል! ጓደኛዬ ሙላት ከት ብሎ ሳቀ። «አቁስል! የአምናዋ ፍላጻህ እዚህ ናት እንዴ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ታደለም አብሮ ሳቀ። እትዬ ብርቄ ብረቷን አየችና ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ሙላት ግን ብረቷን ተቀብሎ አገላበጣት። «ቆይ ግን... ከስልሳ ሜትር ልከህ ወርቹ ውስጥ ሰነቀርካት? ለካ ክንድ አለህ!»

ጋሽ ታደለ ሳቁን አቆመ። ይሄኔ ገባኝ፤ የሱ ክንድ ለኔ ሲሞገስ አይችልም።

«ምን ላድርግ» አልኩ አንገቴን ሰበር አድርጌ። «ስልሳ ሜትር የሚደፍር እዚህ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።»

«የምን ክንድ!» ብሎ ጋሽ ታደለ ብድግ አለ። ብረቷን ከሙላት ነጥቆ በሸሚዙ ጠረጋት። «ያንተ ቀስት እዚያ ይደርሳል? ይኸው ቁጠር፣ ሦስት ምላጭ። የኔ ናት፣ እኔ ነኝ የላክኋት!»

አዋዜ ያስነካ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

እትዬ ብርቄ ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። «ታዲያ» አለች፣ «‹ተው ሩቅ ነው› ያልከው ማንን ነው?»

ጋሽ ታደለ ብረቷን እንደያዘ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። እሷ ቢላውን ከእጁ ወሰደች፣ ከወርቹ መርጣ ቆረጠች፣ አዋዜ አስነክታ መጀመሪያ እኔን አጎረሰችኝ። «ብላ ልጄ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አላዘንክለትም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ አላዘንኩለትም። የኔ ርቀት ሃያ አምስት ሜትር ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አልስትም... ጋሼ ደግሞ የተቀመጠው ከጎኔ ነበር።